ወንድ ልጅ ያርጣል ወይ?

የጠያቂያችን መልእክት ረዘም ያለ ነው። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ «49 ዓመቴ ነው። ድሮ ፊልድ ነበር የምውለው፣ አሁን ቢሮ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሰውነቴ ይዝላል፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ቦርጭ አውጥቻለሁ፣ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። ለግንኙነት ያለኝ ፍላጎትም ቀንሷል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ባለቤቴ 36 ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጅ መጨመር እንፈልጋለን። ጂም የማውቀው ልጅ ‹ወንድም ያርጣል፣ ሆርሞንህ ወርዶ ነው› ብሎ የቴስቶስትሮን መርፌ አመጣልኝ። ከሥራ ስወጣ ተመርምሬ 290 ሆነ፤ ወረቀቱ ዝቅተኛ ይላል። መርፌውን ልጀምር? ሐኪም ጋ ስሄድስ ባለቤቴ አብራኝ ትምጣ ወይስ ብቻዬን ልጨርሰው?»

ወንድሜ፣ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ጉዳይ አፍ አውጥቶ መናገር ለብዙ ወንድ ይከብዳል። ብዙዎች እኔ ዘንድ የሚደርሱት መርፌውን ከተወጉ በኋላ ነው። እርስዎ ቀድመው ጠየቁ። ስለዚህ ዋናውን መልስ ላስቀድም፦ መርፌውን አይጀምሩ። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይንኩት። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት።

መጀመሪያ «ያርጣል» የሚለውን እንይ። አያርጥም። ሴት ልጅ ስታርጥ እንቁላሎቿ አልቀዋል። የወር አበባዋ ይቆማል፣ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጣም ይወርዳል። ይህ 50 ዓመት አካባቢ ለሁሉም ሴት ይመጣል። ወንድ ላይ እንዲህ ያለ ማቆሚያ የለም። ዋናው የወንድ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ በዓመት በአማካይ 1 በመቶ ገደማ ነው የሚቀንሰው። ከዚህ ጎን ለጎን ቴስቶስትሮንን ደም ውስጥ ይዞ የሚዞር አንድ ፕሮቲን ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ስለዚህ ነጻ ሆኖ ሥራ የሚሠራው ድርሻ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ያም ሆኖ አብዛኛው ወንድ እስከ እርጅናው ድረስ የሚበቃው ሆርሞን አለው። በ70 ዓመታቸው የወለዱ አባቶች በየሰፈሩ አሉ።

ሌሎችም ሆርሞኖች በዚህ ዕድሜ ይቀንሳሉ። የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጠው ዕጢ የሚመነጨው ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. የሚባለውም ይቀንሳል። የዚህኛው እንክብል በኢንተርኔትም በሻንጣም ይመጣል። ገንዘብዎን አይጨርሱበት። ጤነኛ ወንድን ያበረታል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለውም።

ታዲያ በእርስዎ ዕድሜ እውነተኛ የቴስቶስትሮን እጥረት ምን ያህል ይገኛል? በአውሮፓ 8 ማዕከላት ውስጥ ከ40 እስከ 79 ዓመት የሆናቸው ከ3,000 በላይ ወንዶች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ድካሙንም፣ ንዴቱንም፣ ድብርቱንም፣ የጉልበት ማነሱንም አንድ በአንድ ጠየቁ። ከሆርሞኑ መውረድ ጋር ተያይዘው የተገኙት ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ ሦስቱም የግንኙነት ጉዳዮች ናቸው። ጠዋት ሲነቁ የብልት መቆም መቀነስ፣ ስለ ግንኙነት ማሰብ መቀነስ፣ እና ስንፈተ ወሲብ። ሦስቱም ምልክት ኖሮት ሆርሞኑም በትክክል የወረደ ሰው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ከ40 እስከ 49 ባለው ዕድሜ ደግሞ ከ1,000 ወንድ አንድ። ከ70 በላይ ባሉት እንኳ 5 በመቶ ነው። ሌላም ነገር አሳይቷል፦ ሆርሞንን በማውረድ ውፍረት ከዕድሜ ይበልጥ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ድካምዎን ለማቃለል አይደለም። ድካሙ እውነት ነው። ግን ምንጩ ሌላ የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው፤ መርፌው ደግሞ ያንን ምንጭ ይሸፍነዋል።

አሁን ወደ ወረቀትዎ እንምጣ። «ከሥራ ስወጣ» ብለዋል። ወደ ማታ 11 ሰዓት ግድም ማለት ነው። ቴስቶስትሮን በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፣ ወደ ማታ ዝቅ ይላል። ምግብም ያወርደዋል። በአንድ ጥናት ወንዶች 75 ግራም ስኳር ጠጥተው ሲለኩ ቴስቶስትሮናቸው በ25 በመቶ ገደማ ወርዷል። ምሳና ማኪያቶ አልፎ የተወሰደ ደም ስለ እርስዎ ብዙም አይነግረኝም። ትክክለኛው ምርመራ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ ስኳር ያለው ቡና እንኳ ሳይቀምሱ የሚደረገው ነው። ዝቅ ካለ በሌላ ቀን ይደገማል። መጀመሪያ ዝቅ ብሎባቸው ሲደገም ደህና የሚሆኑት ወደ 30 በመቶ ይጠጋሉ። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ይዞዎት ከሆነም ይቆዩ፤ ሕመም በራሱ ያወርደዋል።

ከዚያ ደግሞ 290 ራሱ ምን ማለት ነው? የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር መስመሩን 300 ናኖግራም በዴሲሊትር ላይ ያደርገዋል። ኢንዶክራይን ሶሳይቲ የሚባለው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ዝቅተኛውን ወሰን 264 ይለዋል። በአንዱ ሚዛን ዝቅተኛ ነዎት፣ በሌላው ደህና። ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት የአንድ ማሽን ወሰን ነው እንጂ ብይን አይደለም። ቦርጭ ያለው ሰው ላይ ሌላም ነገር አለ። ውፍረት ቅድም ያልኩትን ተሸካሚ ፕሮቲን ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ ነጻው ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎ ነጻውን ድርሻም ማየት አለበት።

በእርስዎ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰቡኝ ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ከምሳ በኋላ የሚጥልዎት እንቅልፍ ነው። ያንኮራፋሉ? ሌሊት ትንፋሽዎ ቁርጥ ይልና እንደ መታፈን ብለው ይነቃሉ? ጠዋት አፍዎ ደርቆ፣ ራስዎን ከብዶት ይነሳሉ? ኪሎ የጨመረ፣ ግፊት ያለበት፣ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ወንድ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የማስበው የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥን ነው። ቴስቶስትሮን አብዛኛው የሚመረተው ተኝተን ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ የቀን ሆርሞናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። ወጣቶች! ያውም በአንድ ሳምንት። ጫት የሚቅሙ ከሆነ፣ ወይም ስልክ ይዘው እኩለ ሌሊት የሚያልፍብዎት ከሆነ፣ እንቅልፍዎን ከዚያው ነው የሚያጡት።

ሁለተኛው ቦርጩ ነው። ሆድ ውስጥ ያለ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም። ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን የሚቀይር ኢንዛይም አለው። ቦርጭ ሆርሞኑን ይቀንሳል፣ የሆርሞን ማነስ ደግሞ ጡንቻን ቀንሶ ስብን ይጨምራል። አዙሪት ነው። ደስ የሚለው ግን አዙሪቱ ወደ ኋላም ይዞራል። ከክብደቱ 10 በመቶ የቀነሰ ሰው ሆርሞኑ ያለ ምንም መርፌ ከፍ ይላል። ፊልድ ሲውሉ የነበረው እግርዎ ቢሮ ሲገባ ቆሟል፤ የምግቡ መጠን ግን አልቀነሰ ይሆናል።

ሦስተኛው ስኳር ነው። የስኳር ምርመራ ስለማድረግዎ ምንም አልጻፉም። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ካለባቸው ወንዶች ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ቴስቶስትሮናቸው ዝቅ ያለ ነው። ስንት ሰው «ሆርሞን» ብሎ መጥቶ ስኳር ተገኝቶበታል! የእንቅርት ዕጢ መዛባትና ደም ማነስም ልክ እንዲህ ያዝላሉ። ድብርትም አለ። ወንድ ልጅ ሲደብረው አያለቅስም፣ ይቆጣል። በትንሽ በትልቁ የሚቆጣ፣ የሚወደው ነገር ያስጠላው ሰው ሆርሞኑን ብቻ ለክቶ ቢሄድ ዋናው ነገር ሳይነካ ይቀራል።

የግፊት መድኃኒትዎን ስም አልነገሩኝም። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሽንት የሚያሸኑት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና የድሮዎቹ እንደ አቴኖሎል ያሉ፣ የብልት መቆምን ሊያዳክሙ ይችላሉ። እባክዎ በራስዎ እንዳያቆሙት። ግፊት ያለ መድኃኒት የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ሐኪምዎ በሌላ ሊቀይርልዎት ይችላል፣ ምርጫ ሞልቷል።

ፍላጎት መቀነሱን ጽፈዋል፤ መቆሙስ እንዴት ነው? ይህን ለሐኪምዎ ሳይሸሽጉ ይንገሩ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የመኝታ ቤት ብቻ አይደለም። ወደ ብልት ደም የሚያደርሰው የደም ሥር ስፋቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ነው። የልብ የደም ሥር 3 ወይም 4 ነው። የደም ሥር መጥበብ ሲጀምር ቀጭኑ ቀድሞ ያስታውቃል። ስንፈተ ወሲብ የልብ ሕመም ሊመጣ ሲል በሁለትና ሦስት ዓመት የሚቀድም ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ግፊት ያለበት የ49 ዓመት ሰው ይህን ምልክት በሱቅ ቪያግራ እየሸፈነ መቆየት የለበትም። የልብ ውጋት መድኃኒት ከሆኑት ናይትሬቶች ጋር ሲወሰድማ ግፊትን አውርዶ ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ መርፌውና ወደ ልጁ ጉዳይ።

አእምሮ ሥር ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሲያንስ «ሥሩ» የሚል መልእክት ለዘር ፍሬዎች ትልካለች። እነሱም ቴስቶስትሮንም፣ የወንድ ዘርም ያመርታሉ። ከውጭ በመርፌ ሲሞላ ዕጢዋ «በቅቷል» ብላ መልእክቷን ታቆማለች። በየቀኑ እንጀራ ከውጭ እየተገዛ የሚገባበት ቤት ምጣድ የሚጥድ የለም፤ ሊጥም አይቦካም። የዘር ፍሬዎቹም እንዲሁ ሥራ ይፈታሉ፣ ቀስ በቀስ ይኮሰምናሉ። ዘር ለመመረት ዘር ፍሬ ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ደም ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ መሆን አለበት። መርፌው ደሙን ይሞላል፣ ያንን ግን አይሞላም። ስለዚህ ሰውየው ጉልበት ተሰምቶት፣ ፍላጎቱ ጨምሮ፣ ዘሩ ግን ዜሮ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ባሕርይ ለወንድ የወሊድ መቆጣጠሪያነት ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ይወጉ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዘራቸው ጨርሶ ጠፋ። ልጅ እየፈለጉ የወሊድ መከላከያ እንዲወጉ ነው ጓደኛዎ ሳያውቅ የመከረዎት።

አንድ ባልና ሚስት አልረሳም። እሱ 41 ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጂም የሚሠራ። እሷ ወፍራም ፋይል ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች። የማኅፀን ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ የሁለት ዓመት ወረቀት ነው። ሁሉም ደህና። እሱ ግን አንድም ጊዜ አልተመረመረም ነበር። የዘር ፈሳሹ ሲታይ አንድም ዘር የለም። «የምትወስደው ነገር አለ?» ስለው ዝም አለ። በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ መጣና ከጃኬቱ ኪስ ትንሽ ፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ባዶ አምፑሎች ናቸው። «ቫይታሚን ነው ብለውኝ ነው» አለ። መርፌውን ካቆመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ዘሮች ማይክሮስኮፕ ላይ እስኪታዩ 14 ወር ፈጀ። በእነዚያ ወራት ደግሞ የራሱ ምርት ገና ስላልተነሳ ከበፊቱ የባሰ ዝሎ ነበር። ብዙዎች በስድስት ወርና በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለስላቸዋል፤ አንዳንዶች ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ባለቤትዎ 36 ዓመታቸው ነው ብለዋል። ያ ጊዜ ለእናንተ ውድ ነው።

ሌላም አለ። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋስን ያበዛል፣ ደምን ያወፍራል። ሄማቶክሪት የሚባለው፣ ማለትም ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መድኃኒቱ መቆም አለበት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታ በራሱ ደምን ስለሚያበዛ መነሻውን ሳይለኩ መጀመር አይገባም። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ካለብዎትም ሳይታከሙት መርፌውን መውሰድ ሊያባብሰው ይችላል። ስለ ልብ የሚባለውን ግን ሳላጋንን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ5,000 በላይ ወንዶች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ወጥቷል። ሆርሞናቸው በትክክል የወረደና የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች ናቸው። ቴስቶስትሮን ሃርት አታክ የሚባለውን ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን አልጨመረም። የልብ ምት መዛባትና ሳንባ ላይ የደም መርጋት ግን በተወሰነ ደረጃ ጨምሯል። ያ ጥናት ሐኪም እየተከታተለ በጄል የተሰጠ መድኃኒት ነው የለካው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አምፑል አይደለም።

«የተወጉት ሁሉ በሳምንቱ ጎረመሱ እኮ» ይሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1889 ብራውን ሴካር የሚባል የታወቀ ሐኪም በ72 ዓመቱ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወጋ። ፓሪስ ላይ ሳይንቲስቶች ፊት ቆሞ ጉልበቴ ተመለሰ፣ ደረጃ በሩጫ ወጣሁ አለ። ዓለም ጉድ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አውስትራሊያ ውስጥ ፈሳሹን እንደሱ አዘጋጅተው ሲለኩት ውስጡ ያለው ቴስቶስትሮን ለምንም የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አልዋሸም፤ በእርግጥ ተሰምቶታል። እምነት ጉልበት ይሰጣል። የጂሙ መርፌ ደግሞ እምነትም፣ ሆርሞንም አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ያደርግና ኋላ ዝቅ ያደርጋል። ሰው ያንን ዝቅታ ፈርቶ ነው ሌላ የሚወጋው።

መድኃኒቱን የምጠላ እንዳይመስልዎት። በትክክል የሚያስፈልገው ሰው አለ። በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ ዘር ፍሬው ላይ ወርዶበት የተጎዳ፣ ካንሰር ታክሞ ዘር ፍሬው የከሰመ፣ ሲወለድ ጀምሮ አንድ ትርፍ ክሮሞሶም ያለው፣ ፒቱታሪው ላይ እባጭ የበቀለ። ጺሙ የሚሳሳ፣ አጥንቱ የሚሰበር፣ ጡቱ የሚያብጥ ሰው ቴስቶስትሮን ሲያገኝ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱን መከልከል ግፍ ነው። ራስ ምታት ካለብዎት፣ ከጎን የሚመጣ ሰው ወይም መኪና ማየት ከተቸገሩ፣ ወይም ከጡትዎ ፈሳሽ ከወጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይምጡ፤ እነዚህ የፒቱታሪ እባጭ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እጥረቱ ተረጋግጦ ልጅ ለሚፈልግ ሰውም መንገድ አለ። ፒቱታሪዋን ወይም የዘር ፍሬዎቹን ራሳቸውን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱን የሆርሞን ሐኪም ወይም የመካንነት ሐኪም ነው የሚያዘው።

እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ይህን ያድርጉ። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ላብራቶሪ ይሂዱ። ጠቅላላ ቴስቶስትሮን፣ የስኳር ምርመራ ከሦስት ወር አማካዩ ጋር፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኮሌስትሮል። ቴስቶስትሮኑ አሁንም ዝቅ ካለ ድጋሚውን ከፒቱታሪ ሆርሞኖች ጋር፣ ኤል.ኤች.፣ ኤፍ.ኤስ.ኤች. እና ፕሮላክቲን ጨምረው ያስደርጉ። ችግሩ ከላይ ከዕጢዋ ነው ወይስ ከታች ከዘር ፍሬው የሚለውን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ልጅ ስለምትፈልጉ የዘር ፈሳሽ ምርመራም አይለፍዎት፤ ርካሽና ቀላል ነው። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይዘው ይምጡ። አምፑሉን አይውጉት፣ ለሌላ ሰውም አይስጡት፤ እሱንም ከመድኃኒቶቹ ጋር ይዘውልኝ ይምጡ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ቀርቷል፤ ባለቤቴ ትምጣ ወይ ብለዋል። አዎ፣ ይምጡ። ልጁ የሁለታችሁም ጉዳይ ነው። ደግሞም ሌሊት ትንፋሽዎ መቆራረጥ አለመቆራረጡን ስጠይቅ የሚመልሱልኝ እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ተኝተዋል።